በቁሟ የተለቀሰላት ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ሳል እንቅልፍ ቢነሳት ራጅ ተነሳች። ሐኪም ተብዬው ሳንባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ገና ከማየቱ «ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ናሙና ልውሰድ እንኳ አላለም፤ ምን አደከመው!

ታላቅ ወንድሟ ደግሞ እንባው ሳይደርቅ «የስፌት መኪናሽን ለማን አሰብሽ?» አላት።

«ጋሼ፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?» ብላ በሩን አሳየችው።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ «ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን አድርገው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ከዓመታት በፊት የማህፀን እጢ ወጥቶላት ነበር። ከሳንባዋ ቁራጭ ተወስዶ ሲመረመር ያው የማህፀን እጢ ሆኖ ተገኘ፤ ሳንባ ድረስ መሄዱ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም ካንሰር አልነበረም።

ወንድሟ «እግዜር ይመስገን!» እያለ እየሮጠ መጣ።

ቀና ብላም አላየችው። «እንግዲህ አልሞትኩልህም፤ ቻለው» አለችው።