ዘጠኝ ሸራ የለበሰ ጣሪያ

ጎረቤታችን ጋሽ ሸራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጭነት መኪኖች ሸራ ሲሰፋ ኖሯል። የሰፋው ሸራ ጠብታ አሳለፈብኝ የሚል ሾፌር እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስሚንቶው፣ ስኳሩ፣ የሙሽራ ዕቃው፣ ሁሉም በእሱ ሸራ ሥር እንደደረቀ ከታሰበበት ደርሷል። ውኃ የማይደፍረው ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ ከገዛ ቤቱ በስተቀር።

ከዋናው ቤት ጀርባ የቀጠላት አንዲት ክፍል አለች። ራሱ ነው የሠራት። ለእንዲህ ያለ ባለሙያ ደግሞ አናጢ ምን ያደርግለታል? ጣሪያዋን ጠፍጣፋ አደረገው፤ ጠፍጣፋ ነገር ለሸራ ይመቻላ። በእንጨቱ ላይ ኮምፔንሳቶ ዘረጋ፣ በኮምፔንሳቶው ላይ ሸራ ወጠረ፣ ሸራውን ሬንጅ ቀባው። ከዚያ ወርዶ እጁን በጋዝ እየታጠበ፣ «ይቺ ቤት የልጅ ልጆቼን ትቀብራለች» አለን። ለእውነት ምን ያህል እንደቀረበ የገባን ዘግይቶ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ጋሽ ሸራ አልደነገጠም፤ ሁለተኛ ሸራ ደረበበት። በሁለተኛው ክረምት ሲያፈስ ሦስተኛ ጨመረ። የበረደው ሰው ካፖርት ላይ ካፖርት እንደሚደርበው እያለ እያለ ዘጠኝ ደረሰ። መካከሉ እንደ ሳህን ጎደጎደ፤ ውኃ ያቁር ጀመር። ርግቦች ከሩቅ ሰፈር ሊታጠቡበት ይመጡ ነበር።

«ጋሽ ሸራ፣ ዓሣው ደረሰ?» ይለዋል ባለ ሱቁ።

«ደርሷል። ለወሬኛ ግን አይሸጥም» ይላል እሱ፣ ቀና ብሎም ሳያይ።

ነገሩ በቀልድ ባለቀ ደግ ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን የሚስቱ እናት ይኖራሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። «ለሁለት ሳምንት» ብለው መጥተው ስምንት ዓመት የቆዩ እንግዳ ናቸው። አልጋቸው በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው፤ አላፊውን ሁሉ በጫማው ድምፅ ይለዩታል። የቀረውን ግድግዳ ሲዳሩ የተሰጣቸው ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ይዞታል። ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል ይላሉ፤ የክት ልብሳቸው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ሰርግ ሲጠሩም «ምን ለብሼ?» ብለው ይቀራሉ።

ባለፈው ዓመት ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። ሐኪሙ አዳመጣቸውና ከመድኃኒት በፊት ክፍሉ ይድረቅ አለ። ይህን ሲሰማ ታላቁ ልጃቸው፣ የትምህርት ቤት ዲሬክተሩ፣ መጣና በክፍሏ መካከል ቆሞ እንደ ሰልፍ ላይ ተናገረ።

«ክረምቱ ገብቶ አንዲት ጠብታ ካገኘሁ እናቴን ከዚህ ዋሻ አወጣታለሁ። የእኔ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጸጥ ያለ ነው።»

እማማ ይህን ጸጥታ ያውቁታል። አንድ ጊዜ ለሳምንት ሄደው ነበር። ጠዋት ሁሉም ወጥቶ ይሄዳል፤ መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው።

«እዚያ የሚያናግረኝ ሊፍቱ ብቻ ነው» አሉ ለልጃቸው። «እሱም ቢሆን መብራት ሲኖር ነው።»

ጋሽ ሸራ ዲሬክተሩ በወጣ ማግሥት መፍትሔውን ይዞ ብቅ አለ። ምን ይመስላችኋል? አሥረኛ ሸራ። ከሁሉም ወፍራም፣ ጠርዙ በድርብ ስፌት የተሰፋ።

ሚስቱ ሸራውን አየች፣ እሱን አየች። «አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜ እናቴን ከወሰዳት አንተንም ይዞህ እንዲሄድ ነው የምለምነው» አለችና ሄዳ አናጢ ጠራች።

አናጢው ቀጭን፣ ለንግግር የሚሰስት ሰው ነው። መሰላሉን ያዝኩለት። መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ጣሪያው ላይ እግሩን ሳያሳርፍ፣ ብዙ አየ።

«ማን ነው የሠራው?»

«ምን አደረገህ?» አለ ጋሽ ሸራ ከታች።

«አይ፣ በሕይወት ካለ አንድ ነገር ልጠይቀው ብዬ ነው።»

«አለ። ጠይቀው።»

አናጢው ወርዶ እጁን አራገፈ። «ውኃው በየት ይሂድ ብለው ነበር?»

«የት ይሄዳል? የእኔ ሸራ አያሳልፍም።»

«የእርስዎ ሸራማ አያሳልፍም። መኪና ግን ይሄዳል፤ ነፋሱ ውኃውን ያራግፍለታል። ቤት አይሄድም ጋሼ። ውኃው እዚያው ቁጭ ብሎ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሥራ የለውም፣ አይቸኩልም።»

ጋሽ ሸራ በክርክር ሲሸነፍ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ አሥረኛውን ሸራ አነሣ። «ብቻ ይቺን ምታልኝ» አለ። አናጢው መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ጨመረና ወደ በሩ ሄደ። ይዛ ያስቀረችው የጋሽ ሸራ ሚስት ናት።

«ቢያንስ ከውስጥ እየው» አለችው።

ገባን። አናጢው ጣሪያውን በባትሪ ሲፈትሽ ቆየና ቁም ሳጥኑን ትንሽ ልግፋው አለ።

«እሱን አትንካው» አሉ እማማ።

«ለአንድ አፍታ ነው እናቴ።»

«ከባድ ነው።»

«ሁለት ሆነን እንይዘዋለን።»

«አትንካው አልኩህ እኮ።»

አናጢው ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን በቁም ሳጥኑ አናት በስተኋላ አበራ። ከዚያ ወርዶ ባትሪውን ለጋሽ ሸራ ሰጠው። ከእሱ ቀጥዬ እኔም ወጣሁ። ትልቁ አግዳሚ እንጨት ከመካከሉ ተሰብሯል። በተሰበረው እንጨትና በቁም ሳጥኑ አናት መካከል የታጠፈ ካርቶን ተጠቅጥቋል፤ የብስኩት ካርቶን፣ የሳሙና ካርቶን፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ዘጠኝ ሸራ፣ ሬንጁ፣ ያቆረው ውኃና ርግቦቹ፣ ሁሉንም የተሸከመው ያ የሙሽርነት ዕቃ ነበር። ፈጣሪ ለሰው ጠባቂ እንደሚያቆም አምናለሁ፤ ጠባቂው ባለ ሁለት በር ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«እማዬ፣ መቼ ነው ይሄ?» አለች ልጃቸው።

«ካቻምና። እንጨቱ ሲያቃስት ሰማሁና ካርቶን በምርኩዜ ገፋሁለት። ባቃሰተ ቁጥር አንድ እጨምርለታለሁ።»

«ቁልፉስ?»

«ቁልፉ ትራሴ ሥር አለ። በሩ ነው በጫናው ተጣብቆ እምቢ ያለው።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪንም?»

እማማ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ለማን? ለወንድምሽ ብነግረው ይወስደኛል። ለዚህኛው ብነግረው» አሉ በምርኩዛቸው ወደ ጋሽ ሸራ እያመለከቱ፣ «አሥረኛውን ይጨምርብኛል።»

ጋሽ ሸራ አሥረኛውን እንደታቀፈ ነበር። ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ካርቶኖቹን እንደገና አየ፤ ከዚያ ወጥቶ የሸራ መቁረጫ ቢላዋውን ይዞ መሰላሉን ወጣ። አናጢው እንጨቱን ከሥር በምሰሶ እስኪያስደግፍለት እንኳ በግድ ነው የታገሠው።

ዘጠኙንም ራሱ ገፈፈ። ማንም እንዲነካለት አልፈቀደም። ውኃ የጠጣው ሸራ ሲወርድ ግቢው የረግረግ ሽታ ሸተተ። እኛም ለመርዳት መጥተን ቆመን እየተመለከትን ረዳነው። የመጨረሻውን፣ ያኔ መጀመሪያ የወጠረውን ሸራ፣ ሲያወጣ ግን ጠርዙን ለአናጢው ዘረጋለት። ጨርቁ ጠቁሯል፤ ክሩ አንድ ቦታ እንኳ አልተበጠሰም።

«ስፌቱስ ስፌት ነው» አለ አናጢው። ከአፉ የወጣ ብቸኛ ምስጋና እሱ ነው።

ከዚያ የአናጢው ተራ ሆነ። የበሰበሰውን እንጨት ለወጠ፣ በዋናው ቤት በኩል ከፍ፣ በግቢው በኩል ዝቅ አድርጎ ቆርቆሮ መታበት፣ በዝቅተኛው ጫፍ አሸንዳ አሰረ። ጋሽ ሸራ አንገቱን ከጣሪያው ጋር ዘንበል አድርጎ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ቁም ሳጥኑ ሸክሙ በወረደለት ቀን በሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ተከፈተ። እማማ ወይን ጠጅ ቀሚሳቸውን አወጡና መስኮቱ ሥር ለብሰውት ተቀመጡ።

ዋናው ዝናብ በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ዲሬክተሩም አልዘገየም፤ ባዶ ሻንጣ ይዞ ደረሰ። ግድግዳውን በመሐረብ ጠረገ፣ መሐረቡን አየ። አልጋውን ስቦ ከሥሩ ጎንበስ አለ። ወንበር ላይ ወጥቶ ጣሪያውን ዳሰሰ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብታ ጠበቀ፤ ጠብታም እንደ ሰነፍ ተማሪ ቀረችበት።

«ቆርቆሮው ግን ይጮኻል» አለ በመጨረሻ።

«ያወራል» አሉ እማማ። «ለስምንት ዓመት ዝም ያለ ጣሪያ ምን እንዳደረገኝ አይተሃል።»

ዲሬክተሩ ወደ ጋሽ ሸራ ዞረ። «እንግዲህ ስለ እጅህ ሥራ ዛሬ አመሰግንሃለሁ።»

ይህን ምስጋና ዝም ብሎ መቀበል ይችል ነበር። እኔ ብሆን የምቀበለው ይመስለኛል። ጋሽ ሸራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄን የሠራው አናጢው ነው» አለ። «እኔ የሠራሁት የበፊቱን ነው።»

እማማ ወደ እሱ አዩ። ከዚያ ለልጃቸው፣ «በል ሻንጣህን ይዘህ ሂድ፤ ሲያባራ እየመጣህ ጠይቀኝ» አሉት።

ዝናቡ ግን አላባራም፤ መኪናውም ከግቢው ውጭ ነው። ጋሽ ሸራ አሥረኛውን ሸራ ከጓዳ አምጥቶ በዲሬክተሩ ራስ ላይ ዘረጋውና እየተራመደ እስከ መኪናው ሸኘው። ሰውየውም ሻንጣውም ጠብታ አልነካቸውም።