ተማሪዬን ያተረፈችው ዓሣ ሻጭ

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በእኔ ጥፋት አንድ ሰው ሊሞት ነበር። አልሞተም። የተረፈው ግን እኔ ስላዳንኩት አይደለም። ያን ቀን ስሟን እንኳ የማላውቃት አንዲት ዓሣ ሻጭ ስለደረሰችለት ነው። ታሪኩን ለሰዎች ሳወራ የራሴን ድርሻ እያለዘብኩ ነበር የማወራው። እሱም ሲከብደኝ ቆየና አሁን እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ጋምቤላ የመጣሁት የስፖርት መምህር ሆኜ ተመድቤ ሲሆን ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ አዳራሽ አለን። አዳራሹን የቻይናውን ስፖርት ውሹን ከሚሠራው ክለብ ጋር ነው የምንጋራው። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ የእኛ ቀን ነው፣ ሌላው የእነሱ።

የውሹዎቹ አሠልጣኝ ከድር ይባላል። የጅማ ልጅ ነው፤ ገበያው አጠገብ የልብስ ሱቅ አለው። የእሱ ተማሪዎች እኛን «እግር ብቻ» ይሉናል፣ እኛ ደግሞ እነሱን «ዳንሰኞች» እንላቸዋለን። የትኛው ስታይል ይበልጣል የሚለው ክርክር አልቆ አያውቅም። አንዱ ቤት ሐዘን ሲደርስ ግን ድንኳን የሚተክለውና ወንበር የሚሸከመው የሁለቱም ክለብ ልጅ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን እኔና ከድር አንስማማም ነበር። እሱ ልጆቹን በየሃያ ደቂቃው አስቁሞ ውሃ ያጠጣቸዋል። እኔ ልምምድ ሳያልቅ ውሃ መቅመስ ከልክያለሁ። እኔን ያሠለጠኑኝ ሰው «ጥም ያልቻለ ቡጢ አይችልም» ይሉን ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ በውርጭ ስንሮጥ ውሃ ትዝም አይለንም። ያንን ሕግ እንዳለ ይዤው ወርጄ ጋምቤላ ላይ ተከልኩት።

ከድር አንድ ቀን «ወንድሜ፣ ይሄ አገር እኮ ደብረ ብርሃን አይደለም» አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም ተማሪዎቼን ሰብስቤ ውሹዎቹ እንደሚጠጡና እኛ ግን እንደምንታገሥ በኩራት ነግሬያቸዋለሁ። ልጆቹም አምነውኝ እንደ ክብር ያዙት።

ከሁሉም ይበልጥ ያመነኝ ጋትሉዋክ ነው። ጋትሉዋክ ከማታር የመጣ የኑዌር ልጅ ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር። ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ሳይገባ ወደ ልምምድ ይመጣል። እግሩ ረጅም ነው፤ ከቆመበት ሲያነሳው ከእኔ ራስ በላይ ያልፋል። ቀይ ቀበቶ አስሮ ለጥቁር ቀበቶ ፈተና እየተዘጋጀ ነበር። ማጉረምረም የሚባል ነገር አያውቅም።

ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ከክለቤ ጥቁር ቀበቶ ያሰረ ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ፈተናውን ከልጆቹ በላይ የምፈልገው እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ተማሪዎችን ሙሉ ዶቦካቸውን፣ ወፍራሙን የቴኳንዶ ልብስ፣ አስለብሼ ይዣቸው ወጣሁ። መጋቢት ጋምቤላ ውስጥ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። አስፋልቱ ላይ አየሩ ሲንቀጠቀጥ በዓይን ይታያል። ከኒውላንድ እስከ ባሮ ድልድይ ሮጥን። ከዚያ ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ሁለት ሁለት እያደረግኩ አጋጠምኳቸው።

ሁለተኛው ዙር ሳይጀመር ጋትሉዋክ ወደ እኔ መጥቶ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠኝ። ድምፁ ደርቆ ነበር።

«ማስተር፣ ትንሽ ውሃ ልጠጣ» አለኝ።

እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ያ ብቻ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሌሎቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ፈተና ላይም እንዲህ ውሃ ልትለምን ነው?» አልኩት።

«እሺ ማስተር» አለና ተመለሰ።

ጥቂት ቆይቶ ሁኔታው ተለወጠ። ተጋጣሚውን ትቶ ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሮ ለሰላምታ አጎነበሰ። ጓደኞቹ ሳቁ። ጠርቼ ምን ሆነሃል ስለው በራሱ ቋንቋ ረጅም ነገር መለሰልኝ። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምናወራው። የሚቀልድ መስሎኝ ልቆጣው ወደ እሱ ስራመድ ጉልበቱ ከዳውና በግንባሩ ወደቀ።

ገልብጬ ስነካው ሰውነቱ ያቃጥላል። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ የሚያየው ነገር ግን የለም። ስሙን እየጠራሁ ጉንጩን መታሁት፣ አልሰማኝም። የቴኳንዶ አሠልጣኝ ነኝ፤ ስለ ስብራትና ስለ ወለምታ ብዙ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ከአንዱ ልጅ ቦርሳ ፕላስቲክ ውሃ አወጣሁና አፉ ውስጥ ላፈስስ ስል አንድ እጅ እጄን ያዘ።

ቀና ስል አርባ ዓመት ግድም የሚሆናት ሴት ናት። መንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ዓሣ ስትሸጥ ነበር። ከሩቅ ስታየን እንደቆየች የነገረችኝ በኋላ ነው።

«አፍ ውስጥ አታፍስስ። ይታነቃል» አለችኝ። «ልብሱን አውልቅ። ቶሎ።»

ዶቦኩን ስገፈው ተመልሳ ሄደች። ዓሣውን የያዘችበት ትልቅ ሳፋ ነበር፤ ዓሣው እንዳይበላሽ በረዶ ጨምራበት በእርጥብ ጆንያ ሸፍናዋለች። ዓሣዎቹን አፈሩ ላይ ደፋቻቸው። ሳፋውን አንስታ መጣችና ያንን የበረዶ ውሃ ከአንገቱ ጀምራ ሙሉ ሰውነቱ ላይ አፈሰሰችው። ቀዝቃዛውን ጆንያ ደረቱ ላይ አለበሰችው። ያልቀለጡትን የበረዶ ቁራጮች ብብቱ ሥር አስገባች።

ከዚያ ወደ ተማሪዎቼ ዞረች። ሁለቱን ሳፋውን ይዘው ከባሮ እንዲቀዱ ላከቻቸው። ሌሎቹን የዶቦካቸውን ኮት አስወልቃ እንዲያራግቡበት አዘዘቻቸው። እኔን ሲታዘዙ የኖሩ ልጆች እሷን ሲታዘዙ ከዚያ የበለጠ ፈጠኑ። እኔንም «አንተ፣ ጥላ ያዝ» አለችኝ። ነጠላዋን ሰጠችኝና በሁለት እጄ ዘርግቼ ፀሐዩን ከለልኩለት።

ስንት ሳፋ ውሃ እንደፈሰሰ አላስታውስም። እሷ እጇን ከአንገቱ ላይ ሳታነሳ ትነካካዋለች፣ ውሃው ሲመጣ ታፈስሳለች። በመካከሉ ጋትሉዋክ አስታወከ፤ በጎኑ አዞረችውና አፉን በእጇ ጠረገችው። ከዚያ ዓይኑን አንቀሳቀሰ። ስሙን ስጠራው «ማስተር» አለኝ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ይህን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ሴትዮዋ አኙዋ ናት። ጋትሉዋክ ግንባሩ ላይ እንደ አባቶቹ ወግ የተሰመረበት ኑዌር ነው፤ አይቶ የማይለየው ሰው የለም። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ክፉ ቀናት አልፈዋል፤ ያን ሰሞንም ከተማው ውስጥ ሰው ሰውን በጥርጣሬ የሚያይበት ጊዜ ነበር። እሷ ያንን ግንባር በእጇ እያበሰች ነው ውሃ ስታፈስስ የቆየችው።

ልጆቹ ባጃጅ አስቁመው መጡ። ጋትሉዋክን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ከድር ወሬውን ሰምቶ ሱቁን ዘግቶ ከእኛ ጋር እኩል ደረሰ።

ያየው ሐኪም ሰውነቱን ሲለካና ሲመረምር ቆይቶ ከመምጣቱ በፊት ማን እንዳቀዘቀዘው ጠየቀኝ። ነገርኩት። እንደዚያ ባይደረግለት ኖሮ በሕይወት አይደርስም ነበር አለኝ። ቀጥሎ መጨረሻ ውሃ የጠጣው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም «አላውቅም» አልኩ።

አውቅ ነበር። ከድር አጠገቤ ቆሞ ሰምቶኛል።

ጋትሉዋክ አራት ቀን ተኛ። ለኩላሊቱ ተሰግቶለት ነበር። የእኔ ተማሪዎችና የውሹ ተማሪዎች ተራ ገብተው አስታመሙት። በሦስተኛው ቀን እናቱ ከማታር መጡ። አማርኛ አይናገሩም። እኔን ሲያዩ በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው አንድ ነገር ተናገሩ። ጋትሉዋክ አልጋው ላይ ሆኖ ተረጎመልኝ፤ ልጄን ሆስፒታል ስላደረስክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው የሚሉት። ለካ እሱ ለእናቱ የነገራቸው በራሱ ጥፋት፣ ሳይበላ ከሥራ ወጥቶ ስለሮጠ እንደታመመ ነው። የእኔን ስም አላነሳም።

ያንን ምስጋና መሸከም አልቻልኩም። «ንገራቸው» አልኩት። «ውሃ እንደጠየቅከኝና እንደከለከልኩህ ንገራቸው።»

ደግሜ ጠየቅኩት። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ ስለ ውሃውም ስለ ዓሣ ሻጯም ነገራቸው። እናቱ እጄን ለቀቁ። ከዚያ ያቺ ሴት የት እንደምትገኝ ጠየቁ። እኔም ሐኪሙን ፈልጌ የዋሸሁትን አስተካከልኩ።

በአምስተኛው ቀን ጋትሉዋክ ከሆስፒታል እንደወጣ እናቱ፣ እሱና እኔ ወደ ባሮ ሄድን። ሴትዮዋ ዛፉ ሥር ነበረች። ስሟ አርየት እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጋትሉዋክን ስታይ ተነስታ ጉንጩንና አንገቱን ልክ እንደዚያን ቀን በእጇ ነካካችው።

እናቱ መናገር ጀመሩ። ጋትሉዋክ ወደ አማርኛ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት አርየት ራሷ በኑዌርኛ መለሰችላቸው። በልጅነቷ ከኑዌር ሴቶች ጋር ገበያ ትውል እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። እናቱ ያንን ሲሰሙ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ሁለቱም ጆንያው ላይ ተቀመጡና ብዙ አወሩ። ምን እንደተባባሉ ጋትሉዋክን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

እኔ ተራዬ ሲደርስ የተበላሸውን ዓሣ እንኳ ልተካላት ብዬ ጀመርኩ፤ አላስጨረሰችኝም። ታላቅ ወንድሟ በአንድ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ሲሠራ ፀሐይ ላይ ወድቆ እንደሞተ ነገረችኝ። ጓደኞቹ ጥላ ሥር አስተኝተው አፉ ውስጥ ውሃ ሲያፈስሱ ነው ያለቀው። በኋላ አንዲት ነርስ ምን መደረግ እንደነበረበት አስረዳቻት። ከዚያ ወዲህ በፀሐይ የሚሮጥ ሰው ስታይ ዓይኗን ከእሱ ላይ እንደማታነሳ ነገረችኝ። ያን ቀንም ጋትሉዋክ ከመውደቁ በፊት እግሩ ሲምታታ አይታ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀምራ ነበር።

ከዚያ እንደ መቆጣት ሳይሆን እንዲሁ ሊገባው እንደፈለገ ሰው ጠየቀችኝ።

«ባሮ እዚህ ነው። ውሃ ሞልቷል። አንተ ለምን ትከለክላለህ?»

አንድ ነገር ልመልስላት ፈለግኩ። ስለ ጽናት፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ለዓመታት ለልጆቹ የሰበክኩት ሁሉ ነበር። ሁሉንም ትቼ «ስላላወቅኩ ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ በዚሁ ተለያየን።

በማግስቱ ሁለቱም ክለቦች በተሰበሰቡበት አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ተማሪዎቼን ይቅርታ ጠየቅኩ። ጋትሉዋክን በስሙ ጠርቼ ጎንበስ አልኩለት። አሠልጣኝ ለተማሪ ቀድሞ አይጎነበስም፤ ልጆቹ ደነገጡ። ከድርን ደግሞ በእኛ ቀን መጥቶ ልምምዳችንን እንዲያይና ያጠፋሁትን እንዲነግረኝ ለመንኩት። መጣ፣ አንድ ወር ሙሉ። አንድም ጊዜ «ብዬህ ነበር» አላለኝም።

ጋትሉዋክን የዚያ ዓመት ፈተና አመለጠው። ሌሎቹ ተፈትነው አለፉ። እሱ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ጠብቆ ጥቁር ቀበቶውን ያሰረው አምና ነው። ዛሬ ጀማሪዎቹን የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ለምን ክለቡን ትቶ እንዳልሄደ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ይቅርታ ስትጠይቅ አየሁህ» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን ሳስበው ጥፋቴ አሁንም ያሳፍረኛል፤ እፍረቱ እንዲጠፋልኝም አልፈልግም። ከእፍረቱ የሚበልጠው ግን ምስጋናው ነው። አርየት ለጋትሉዋክ ሕይወቱን፣ ለእናቱ ልጃቸውን መለሰችላቸው። ለእኔም የሰጠችኝ ነገር አለ። የሰው ነፍስ ዕዳ ሳይኖርብኝ ተኝቼ እነሣለሁ።