ማስረሻ በር ላይ ሲቆም

አብነት ሰፈር ማስረሻን የሚጠላ ሰው የለም። በሩ ላይ ቆሞ ሊያየው የሚፈልግም የለም። ሰውየው ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ስለሆነ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጉራንጉሩ እየዞረ «እገሌ አርፏል፣ እገሊት አርፋለች» ሲል የኖረ ሰው፣ ምን ቢያደርግ እግሩ ደግ ወሬ ይዞ የሚመጣ አይመስልም። አንድ ጊዜ ጋሽ ኃይሌ የሚባሉ የሰፈሩ አዛውንት ታመው ሊጠይቃቸው ብርቱካን ይዞ ቢገባ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ገና ነኝ ማስረሻ፤ ሌላ ቀን ና» አሉት። ብርቱካኑን ግን ተቀበሉት።

ቀን ቀን መርካቶ ምን አለሽ ተራ ነው የሚውለው። ከባልደረባው ከጀዋር ጋር አንድ የላስቲክ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። በጉብዝናው ዘመን ከቲማቲም ጣሳ ኩራዝ ይሠራ ነበር፤ የማስረሻ ኩራዝ አይጨስም ተብሎ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ሳይቀር ሰው ይመጣለት ነበር። አሁን ኩራዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ልጅ ፈልጋችሁ አምጡልኝ።

ጥሩምባውም እንደ ኩራዙ ሆነ። ያኔ እሱ አንዴ ሲነፋ ልብስ የምታጥበዋ እጇ አረፋው ውስጥ እንዳለ ትቆማለች፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ የተጣላ እንኳ ጠቡን ትቶ ጆሮውን ይሰጣል። ማስረሻ ደግሞ ስም ብቻ ጠርቶ አያልፍም። «ያ የወደቀ ሰው ሮጦ የሚያነሳው»፣ «ያቺ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያበላችው» እያለ ሟቹን በአንዲት ቃል አስውቦ ነበር የሚሸኘው። ለዚያች ቃል ሲል ሌሊቱን ሲያስብ ያደረበት ጊዜ አለ። ዛሬ እድሩ ቴሌግራም ከፍቷል። የሻማ ፎቶ ይለጠፋል፣ ሰዉ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚያለቅስ ፊት ይልክና ወሬውን ይቀጥላል። ለቅሶም በጣት ሆነ! ማስረሻ አሁን የሚዞረው ስልክ ለማይነኩ አሮጊቶች ሲል ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ፍቅር ይዞታል። ያውም ዛሬ ትናንት የያዘው እንዳይመስላችሁ።

ሸዋገነት የልብስ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ የምትሸጥ ሴት ናት፤ መርካቶ ልብስ ሰፊዎቹ መካከል በር ብቻ የምታክል ሱቅ አለቻት። ባሏ ወርቁም ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ የሞተ ቀን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ማስረሻ ጥሩምባውን አንስቶ ሊወጣ ሲል እጁን ያዘችና «ወርቁ ጩኸት አይወድም ነበር፤ ቀስ ብለህ ጥራልኝ» አለችው። ማስረሻ ያን ቀን ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ይዞ፣ በር እያንኳኳ፣ ቤት ለቤት በለሆሳስ ተናገረ። ያ ሁሉ ሰፈር እስኪዳረስ ፀሐይ ወጥታ ሞቀች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የማስረሻ ሚስት እምነት ሞተች። መቼስ ለጥሩምባ ነፊ ሚስት ማን ይነፋላታል? ራሱ ይዞ ወጣ። ጥሩምባውን አፉ ላይ አደረገው፣ ትንፋሹ እምቢ አለው። ስሟን መጥራት ጀመረና ከመንገዱ መሃል ቁጭ አለ። ሰዉ የሚያደርገው ጠፍቶት ዙሪያውን ቆሞ ያየዋል። ያን ጊዜ ሸዋገነት መጥታ ከመሬት አነሳችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ሰፈሩን በሙሉ እየዞረች እሷ ተናገረችለት። «ያቺ ስቃ የማትጠግበው እምነት አረፈች» ስትል እስከ ዛሬ በጆሮው ይሰማዋል። አብነት ውስጥ ሴት ስትለፍፍ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስረሻ ቁልፍ ይገዛል። ዘጠኝ ዓመት! ጃኬቱ ቁልፍ ጎደለው፣ ሸሚዙ ቁልፍ ጎደለው፣ የጎረቤት ሸሚዝ ሳይቀር ቁልፍ ጎደለው። ሱቋ በር ላይ በርጩማ ስባ ታስቀምጠዋለች፤ የድሮውን ያወራሉ። ወርቁ ሲስቅ ትከሻው እንዴት ይነቀነቅ እንደነበር፤ እምነት ዝናብ ሲመጣ የተሰጣውን ልብስ ማስገባት ትታ፣ ቆማ ዝናቡን እንዴት ታይ እንደነበር፤ የዚያን ጊዜ ሰፈር በር ሳይቆለፍ እንዴት ያድር እንደነበር። ማስረሻ ስለ ሞቱ ሰዎች ሳይሳቀቅ የሚያወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ስማቸውን ካነሳ ሰው ያማትብበታል። እሷ ግን ትስቃለች፣ አንዳንዴም ትንሽ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ቁልፉን በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠዋለች። እወድሻለሁ የሚል ነገር ግን አንድም ቀን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ነገሩ ገፍቶ መጣ። የሸዋገነት ቤት ለልማት ይፈርሳል ተባለ፤ ምትክ ቤት ከከተማው ጥግ ካለ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ከዚያ ድረስ በየቀኑ መመላለስ ስለማይሆንላት ሱቋንም ልትዘጋ ቆርጣለች። ዕቃ የምትጭነው እሑድ ጧት ነው። ማስረሻ ይህን የሰማው ሐሙስ ነው፤ ያን ቀን ምድጃውን ትቶ መዶሻውን ይዞ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ሽማግሌ ላክ» አለው ጀዋር።

«ማንን ልላክ? ሽማግሌ የሚሆኑትን ሁሉ እኔው ጠርቼ ቀብሬያቸዋለሁ።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተ ሳቅህን አትችልም።»

ጀዋር «እሱስ እውነት ነው» አለና ወዲያው ሳቀ። «እንግዲያው ራስህ ሂዳ! ይህን ሁሉ ዓመት በአደባባይ ስትጮህ ያላፈርክ ሰው፣ አንዲት ሴት አነጋግር ስትባል አፈርክ?»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማስረሻ ተላጨ፣ ታጠበ፣ ያለውን አንድ ጥሩ ኮት ለበሰ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ያ ጥቁር ኮት ለቅሶና ቀብር እንጂ ሌላ ቦታ ውሎ አያውቅም። እሱ ለምዶት አላስተዋለውም እንጂ ሰፈሩ ኮቱን በሩቁ ያውቀዋል።

ሸዋገነት ቤቷ ሆና ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። ቀና ስትል ማስረሻ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቃል ሳይወጣው። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ኪዳነወልድ፤ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያ መንገድ ስንት የእናት ልጅ እንደበላ ታውቃለች። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ ደህና ነው» አለ ማስረሻ በድንጋጤ።

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። በኛ አገር መርዶ ነጋሪ መቼ «ሞተ» ብሎ ይጀምራል? «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ብሎ አይደል የሚጀምረው! ያውም የሚለው ማስረሻ ሆኖ። ሸዋገነት መሬት ላይ ወድቃ ደረቷን ትደቃ ጀመር። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ጎረፈ፤ አንዱ የእድሩን ወንበር ሊያመጣ ሮጠ። ማስረሻ «ማንም አልሞተም» ባለ ቁጥር ሴቶቹ «አዬ፣ ምን ብሎ ይንገራት» እያሉ ለቅሶውን ያብሱታል። ያ ሰፈር የሚያናውጥ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ።

በመጨረሻ ራህማ የምትባለው የግድግዳ ጎረቤቷ ብልህ ሆነችና ስልክ አውጥታ ኪዳነወልድ ጋ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«አቤት» አለ ኪዳነወልድ። አዋሽ ደርሶ ዘግይቶ ምሳ እየበላ ነበር።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሸዋገነት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች፤ ለረጅም ጊዜ «ልጄ፣ ልጄ» ከማለት ሌላ የሚወጣት ነገር ጠፋ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ማስረሻ በሬ ላይ ቆመ። ኮቱን ለብሶ።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

ሸዋገነት ቀስ ብላ ወደ ማስረሻ ዞረች። «ማንም ካልሞተ ለምን መጣህ?»

ሃያ የሚሆን ሰው አፍጥጦ ያየዋል፤ ልጇም ከአዋሽ ያዳምጣል። የሚሸሽበት የለም።

«አግቢኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አለ። በሕይወቱ ድምፁ እንደዚያ ቀጥኖ አያውቅም።

 ኪዳነወልድ «ጋሼ ማስረሻ» አለ፣ «እናቴን ለመጠየቅ መጀመሪያ እኔን መግደል ነበረብዎ?» ገና ዕንባው ያልደረቀ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ወንበር ሊያመጣ የሄደውም በዚሁ መሃል ደረሰ፤ ወንበር ከመጣ ተብሎ ሰው ተቀመጠ።

ሸዋገነት ግን አልሳቀችም። ሁሉንም ወደ ደጅ አስወጥታ ማስረሻን ብቻ አስቀረችው። ሰው እንዳያማት በሩን ገርበብ አደረገችው እንጂ አልዘጋችውም።

«አየኸኝ አይደል?» አለችው።  «እንዲህ ነው የምሆነው። ወርቁን ስቀብር ግማሽ ሰውነቴ አብሮ ገብቷል። ሁለተኛ ባል አልቀብርም ብዬ ምያለሁ። ያ ሁሉ ቁልፍ ሳይገባኝ ቀርቶ መሰለህ? ይህን ነገር እንዳትናገር ስጸልይ ነው የኖርኩት። እምቢ ካልኩህ መምጣትህ ይቀርብኛል ብዬ።»

ማስረሻ ተስፋ ቆረጠ። እሷን አስለቅሶ ያሰበውን ሁሉ አበላሽቷል፤ ነገ ደግሞ ትሄዳለች። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ስለ ሴት ልብ ብዙ አያውቅም፤ ስለ ሞት ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የበለጠ ያውቃል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልሂድ» አለ። «ነገ ሄድሽ እንበል። አንድ ቀን ማስረሻ አረፈ የሚል ወሬ ስልክሽ ላይ መጣ። ምን ትሆኛለሽ?»

 «አለቅሳለሁ» አለች።

«ሳላገባሽም?»

«ሳታገባኝም።»

«እኔም ያንቺን ብሰማ አለቅሳለሁ። እንግዲህ ለቅሶው እንደሆነ አይቀርልንም፤ ተጽፎብናል። ከለቅሶው በፊት ያለውን ለምን እንተወዋለን ሸዋገነት?»

 ጎንበስ ብላ የሳህኑን ስብርባሪ መልቀም ጀመረች፤ እሱም ጉልበቱን ይዞ ተንበረከከና አብሯት ለቀመ። ደጅ ያለው ጎረቤት በሩ ሥር ተጠግቶ ያዳምጣል።

«አራተኛ ፎቅ ነው የደረሰኝ» አለች ቀና ሳትል። «ሊፍት የለውም። አንተ ደግሞ ጉልበትህን ያምሃል።»

«አንቺንስ?»

«እኔንም ያመኛል።»

«ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብለን አየር እንወስዳለን» አለ ማስረሻ።

ሸዋገነት ዕንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ የዕቃው መኪና ጧት በአንድ ሰዓት እንደሚመጣና እሱም እንዳያረፍድ ነገረችው።