ለወገቤ ብዬ ስራመድ

አዋሽ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ የተነሳ ወገቤ አላስተኛ አለኝ። በአቅራቢያችን ባለው የጥጥ እርሻ ሕሙማን የሚያክመው ድሬሰር መድኃኒት የለውም አለኝ። «ጠዋት ጠዋት ሳትቆም ግማሽ ሰዓት ተራመድ» ብሎ ሸኘኝ።

በሐዲዱ ዳር መራመድ ጀመርኩ። አንድ የአፋር ሽማግሌ በየቀኑ ከማዶ ይጠሩኛል። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ወጉ ነው። እኔ ግን እጄን አውለብልቤ አልፋለሁ። ሦስት ቀን ጠሩኝ፣ ሦስት ቀን አለፍኳቸው። ወገቤም ቀለል አለኝ።

በአራተኛው ቀን ተሻግረው መጥተው ዱላቸውን መንገዴ ላይ አጋደሙት።

«አባባ፣ ሐኪም እንዳልቆም አዞኛል» አልኳቸው።

«አትቁም» አሉኝ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው እያዩ። «ወሬዬ አጭር ናት። ሦስት ቀን ሙሉ የተከተለህ አንበሳ ዛሬም ከኋላህ ነው።»