እማማ ብርቄና ሰቲት

ጎርፍ ያመጣው ጭቃ በሸተተኝ ቁጥር እማማ ብርቄ ትዝ ይሉኛል። ሱዳን ውስጥ ወድ ኤል ሒለው በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዘመዶቻቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ የቀሩ ቤተ እስራኤል። ሕጋቸው የሌላ እምነት ሰው መንካት ስለሚከለክል፣ እኛን ክርስቲያኖቹን ሰላም የሚሉን ሳይነኩን ነበር።

አንድ ክረምት የሰቲት ወንዝ ሞልቶ ወሰደኝ። እሳቸው ከነልብሳቸው ገብተው በጠጉሬ ጎትተው አወጡኝ፤ ትንፋሼ እስኪመለስም ደረታቸው ላይ አቀፉኝ። ከዚያ ወደ ወንዙ ተመልሰው ታጠቡ።

«ቆሻሻ ነኝ እንዴ፣ እማማ?» አልኩ እያለቀስኩ።

«አይደለሽም፣ ልጄ። ሕጌ ታጠቢ ይለኛል እንጂ፣ ልጅ ስትሰምጥ ቆመሽ እያት አይለኝም።»

እናቴ እኛ ያበሰልነውን እንደማይበሉ ስለምታውቅ፣ ለምስጋና ጥሬ ሽምብራ አስይዛ ላከችኝ።

«መሬት ላይ አስቀምጪልኝ» አሉ ፈገግ ብለው።

ጎንበስ ብለው ሲያነሱት እጃቸውን ልስም አሰኘኝ፤ ግን እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። አለመሳሜ አክብሮት ይሁን ርቀት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።