የጽፋት ቁልቁለትና የፍሬን ሸራ

ሰሞኑን መኪናዬ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ማፏጨት ጀምራለች። ያቭኔ ከተማ መግቢያ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ከጎኔ ያለው ሹፌር ዞር ብሎ በግልምጫ ያየኛል። እኔ ግን ድምፁን ስሰማ ልቤ ያለው ቂርያት ማላኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮታችን ስር ነው። ልጅ እያለሁ የአባቴ መኪና ከመድረሷ በፊት ጩኸቷ ይደርስ ነበር። እናቴ ፉጨቱን ስትሰማ ወጡን ታሞቃለች፣ ወንድሞቼ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ደብተር ይገልጣሉ፣ አያቴ ደግሞ ከትራሳቸው ቀና ብለው "አድማሱ ገባ" ይላሉ። አድማሱ አባቴ ነው፤ ያቭኔ ፋብሪካ ውሎ በዚያች አሮጌ ነጭ መኪና ይመለሳል።

አያቴ አንዲት እህት ነበረቻቸው፤ ጥሩዬ ይሏታል። ከጎንደር አብረው ወጥተው፣ የሱዳንን በረሃ አብረው አልፈው፣ እስራኤል ሲደርሱ ግን እሷን ሰሜን ተራራ ላይ ጽፋት፣ እሳቸውን እኛ ዘንድ ቂርያት ማላኪ አሰፈሯቸው። በረሃ ያልለያቸውን የቤት ድልድል ለያቸው። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ በስልክ ይጫወታሉ፤ አያቴ ድምፃቸው ያለ ስልክ ጽፋት ድረስ የሚሰማ ይመስል እየጮኹ ስለሚያወሩ እኛ ልጆች እንስቅባቸው ነበር። አንድ ዓመት መከር ላይ ግን ጥሩዬ ታመመች። "ወንድምዓለም፣ ዓይንህን ልየውና ልሂድ" ማለት አመጣች። የአያቴ ጉልበት አውቶቡስ እየቀያየሩ መሄድ አይችልም፤ አውቶቡስም ያጥወለውላቸዋል። አባቴ "እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ፤ መጀመሪያ ፍሬኗን ላሠራ" አላቸው። እናቴ ለጥሩዬ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ ዘንቢሉን በሩ ስር አስቀመጠች።

ሙሳኹ፣ ማለት ጋራዡ፣ ከሰፈራችን ወዲያ ፋብሪካዎቹ መካከል ነበር። የተቃጠለ ዘይትና የጎማ ሽታውን እንዴት እወደው እንደነበር! ሺሞን የሚባለው ሽማግሌ መካኒክ ጎማውን ፈቶ ያለቀውን የፍሬን ሸራ አወጣና በጣቱ ይዞ አሳየን። ሸራው ከእኔ ጥፍር ሳስቶ ነበር። ከዚያ ሦስት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንደኛው የመኪናው ፋብሪካ የሚያወጣው ኦርጅናል ነው፣ ሁለተኛው ታህሊፊ፣ ማለት ከሌላ ፋብሪካ የሚወጣ ደህና ምትክ፣ ሦስተኛው የርካሽ ርካሽ። "ርካሹ ለከተማ ይበቃሃል" አለው አባቴን። "ከጽፋት ስትወርድ ግን ይግላል፤ ከጋለ አይዝም።"

አባቴ ለመኪናዋ ሁልጊዜ ርካሹን ነበር የሚመርጠው። ያን ቀን ግን የሸራዎቹን ክብደት ዶሮ እንደሚገዛ ሰው በእጁ እየመዘነ፣ በጥፍሩ እየፋቀ ቆየና መካከለኛውን አነሳ። "አባታችንን ነው የምንጭነው" አለኝ። ኮራሁበት። ልክ ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ።

የደወለው የእናቴ ታናሽ ወንድም ደሴ ነው፤ ገዴራ የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራል። ወሬውን ከእናቴ ሰምቷል። "ወንድም ጋሼ፣ የፍሬን ረፊዶት ልትገዛ ነው አሉ? እንዳትገዛ! እኔ እያለሁ? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። እኔ አመጣልሃለሁ፤ ቤሰደር፣ እሺ?" አባቴ ካርቶኑን አየው። ከዚያ ቀስ አድርጎ መለሰው። ሺሞን "ምን ሆንክ?" ቢለው "ሚሽፓኻ" አለ፤ ቤተሰብ ማለቱ ነው። ሺሞን ራሱን ነቅንቆ አሮጌውን ሸራ መልሶ ገጠመው።

ደሴ በሳምንቱ አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልመጣም። እናቴ "ልደውልለት?" ብትል አባቴ ተቆጣ። "የእህቴ ባል ለማኝ ነው እንዲል ነው?" ሌላ እንዳይገዛ ደግሞ፣ ቃል የገባ አማች እያለ ከባዳ መግዛት ስድብ ነው። የሰው መኪና መዋስም ያው ነው። አያቴ በየጠዋቱ "መኪናዋ ተበጀች?" ይላሉ። "ነገ፣ አባባ።" ከዕብራይስጥ የሚያውቋት ያቺኑ ስለነበር "ቤሰደር" ብለው ዘንቢሉን አልፈው ይሄዳሉ። ቤቱ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።

አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ማልዶ ይመጣል። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ቤቱን ሞሉት። አያቴ ከክፍላቸው ሲወጡ ያን ሁሉ ሰው አዩና ፊታቸው በራ፤ መንገድ ሊሸኛቸው የመጣ መስሏቸው ነው። "አድማሱ፣ ተበጀች እንዴ?" አሉ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፀሐይ ጠንከር ሳትል ሚኒባስ ደጃችን ቆመ። ማን እንደጠራው፣ ማን እንደከፈለው አላውቅም፤ ለለቅሶ ሲሆን ሁሌም እንዲህ ነው። አያቴን ደግፈው መስኮት ዳር አስቀመጧቸው። የጽፋት ዳገት ላይ ስንደርስ አያቴ ወደ ውጭ እያዩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ለቀብር መኪና አይጠፋም" አሉ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ደሴ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ በብብቱ ካርቶን ይዞ ነበር። "ወንድም ጋሼ፣ ርካሹማ ሱቁ ሙሉ ነበር። ለእህቴ ባል እሱን ይዤ በምን ዓይኔ እመጣለሁ ብዬ፣ ኦርጅናሉ እስኪገባ ስጠብቅ..." አልጨረሰውም፤ አለቀሰ። እናቴ አንገቷን ደፍታ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች። አባቴ ግን ካርቶኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ። ሌላ ምን ይበል?

ሸራው ተገጠመ፤ መኪናዋ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ አባቴ መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ጠፋ። ወጡ ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። አያቴም ከትራሳቸው ቀና ማለት ተዉ፤ ዓርብ ሲሆን ስልኩን ያነሱና አገላብጠው አይተው ያስቀምጡታል። ብዙም ሳይቆዩ እህታቸውን ተከተሉ።

ዛሬ እኔ አዋቂ ነኝ፤ ዕብራይስጡ የእኔ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ የእኔ ነው፣ ደመወዙም የእኔ ነው። የፍሬን ሸራ ቁጭ ብዬ በስልኬ ዋጋ አወዳድሬ አዝዛለሁ፤ እኛ ከወላጆቻችን ተሽለናል እያልኩ እመጻደቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ምትኩን መርጬ ልከፍል ስል አጎቴ ደሴ ደወለ። አርጅቷል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። "ልጄ፣ መኪናሽ ትጮሃለች አሉ። እንዳትገዢ! እኔ እያለሁ?"

ሁሉንም አስታወስኩ። ዘንቢሉን፣ የበርበሬውን ሽታ፣ የአያቴን ፊት አስታወስኩ። አፌ ግን "እሺ፣ አጎቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ።

ይኸው እየጠበቅሁ ነው።