የዘነበች ተራ

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ... ሰሌዳው ላይ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፍኩ። ክላስሜት፣ ሩምሜት፣ ኮሊግ፣ ዴስክሜት።

ቴፒ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ ወደዚህ ተዛውሬ የመጣሁት ኅዳር ላይ ነው። «ፈረንጅ አብሮት ለተማረ፣ አብሮት ለሚኖር፣ አብሮት ለሚሠራ፣ አንድ ዴስክ ላይ አብሮት ለሚቀመጥ ለሁሉም የየራሱ ስም አለው። እኛ ጓደኛዬ ብለን እንገላገላለን» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉም ስለ ዴስክሜቱ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲናገር አዘዝኩ። አንዱ ዴስክሜቱ እስክሪብቶ እንደሚበላ ተናገረ፣ አንዷ ዴስክሜቷ ሒሳብ ሲጀመር እንደምትተኛ... ክፍሉ በሳቅ ሞቀ። እኔም ዛሬስ ተሳካልኝ አልኩ።

ተራው ብርቱካን ጋ ደረሰ።

ሰው ሦስት ሦስት ሆኖ በተጣበበበት ክፍል ብርቱካን ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ያውም ዳር ላይ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትታ። ጎኗ የምትቀመጠው ዘነበች የምትባል ልጅ እንደሆነች በየዴስኩ ከተደረደረው የስም መጥሪያ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን ግን አይቻት አላውቅም። ይሄ ደግሞ እዚህ አገር አይገርምም። ቡና ሲደርስ ልጆቹ ለቀማ ይገባሉ፣ ሲያልቅ ይመለሳሉ። እኔም በየጠዋቱ ስሟን እጠራለሁ፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ «ለቀማ ላይ ናት አይደል?» ብዬ ቀሪ አደርጋታለሁ።

ብርቱካን ተነስታ ቆመች። አንድ ቃል አልወጣትም። የቤት ሥራዋንም አልሠራችም ነበር። ይህቺ ልጅ ከመጣሁ ጀምሮ ግራ አጋብታኛለች፤ አንድ ቀን ጥንቅቅ አድርጋ ትሠራለች፣ በማግስቱ ባዶ ደብተር ይዛ ትመጣለች። መጽሐፉ እኮ ፊቷ ተቀምጧል።

«ትናንት ለምን አልሠራሽም?»

«ትናንት የዘነበች ተራ ነበር ቲቸር።»

መጽሐፍ ስለማይበቃ ለአንድ ዴስክ አንድ ነው የሚሰጠው። ክፍል ውስጥ አብረው ያዩታል፤ ማታ በተራ ቤት ይወስዱታል። ይሄንን አውቃለሁ። ክፍል ለማትመጣ ልጅ መጽሐፍ ምን እንደሚሠራላት ግን አልገባኝም።

«ቡና እየለቀመች ነው የምታነበው?» አልኩ። መቀለዴ ነበር... ማንም አልሳቀም።

እልህ ያዘኝና መጽሐፉን ነጥቄ ከኋላ አራት ሆነው ለሚቀመጡት ልጆች ሰጠሁ። ብርቱካን አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ልክ አስገባኋት ብዬ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ዓርብ ጠዋት ስም እየጠራሁ አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆሙ። እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ ነው፤ ከሩቅ እንደመጡ ያስታውቃል። ጥቁር ሻሻቸውን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

«የዘነበች እናት ነኝ» አሉ።

እንኳን መጡልኝ ብዬ ተቀበልኳቸው። «ለቀማው አለቀላት እናቴ? መቼ ትመጣለች?»

ሴትዮዋ እኔን ትተው ወደ ብርቱካን ዞሩ። «አልነገራችሁትም?» አሉ። ብርቱካን ዴስኩ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች።

ያን ጊዜ ቀስ ብለው ነገሩኝ... ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም። ዘነበች በጥቅምት በወባ ሞታለች። ትኩሳቱ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያቆያት። እኔ ገና አልመጣሁም፤ ስሟንም ከመጥሪያው የሰረዘ የለም።

ለቅሶው ሳምንት ሳይሞላው ብርቱካን መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ቤታቸው ሄደች። ማክሰኞ ነበር። «ዛሬ የሷ ቀን ነው» ብላ ሰጠቻቸው። ጠዋት መጥታ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ እስከ ትናንት ድረስ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ሐሙስ ቀርታ አታውቅም።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉኝ። «እሷ የምትተኛበት ቦታ ላይ አደርገዋለሁ፤ ያድራል። ትናንት አልመጣም። ጠበቅኩ... ብርቱካንም እንደ ልጄ አተኮሳት ብዬ ፈራሁ። ላያት ነው የመጣሁት።»

ብርቱካን ግን ባዶ እጇን መሄድ አፍራ ነው የቀረችው። መጽሐፉን የነጠቅኳት እኔ ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስንት ጠዋት ሙሉ፣ ያቺ ልጅ እየሰማች፣ የሞተች ጓደኛዋን ቡና ሳስለቅም ኖሬያለሁ።

በኋላ የክፍል አለቃውን ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ ይጠይቃሉ እንጂ መልስ አይጠብቁም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ያን ዓርብ ግን፣ እናትየው ሳይሄዱ፣ መጽሐፉን ከኋላ ከሚቀመጡት ልጆች ተቀብዬ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ይቅርታ ለማለት ነበር። እሳቸው አልተቀበሉኝም።

«ዛሬ የብርቱካን ነው» አሉ። «የልጄ ትናንት ነበር፤ አለፈ። ማክሰኞ ትምጣልኝ።»

የብርቱካንን ራስ ዳበስ አድርገው ያንኑ ጭቃ እየረገጡ ተመለሱ። እኔ ሰሌዳው ስር ቆሜ ቀረሁ። ዴስክሜት ማለት አብሮ የሚቀመጥ ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ... ለዚህች ልጅ።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ የቤት ሥራ መስጠት ትቻለሁ። መምህራኑ አዲሱ ልጅ ዓመት ሳይሞላው ሰነፈ ይላሉ አሉ... ይበሉ።